ስለ መሐላና ስለ ቃል

ከአዲስ አበባ ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄድ መንገደኛ የጀማን ገደል ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ዳገቱን እንደ ገና ወጥቶ ዓለም ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱ የተቀመጠችው በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል ባለው ከፍተኛ ስፍራ ነው። በገበያዋ ቀን ከቆላው ማሽላና ማሾ፥ ከደጋው ጤፍና ቅቤ፥ ከየስፍራውም በግና ፍየል ይመጣል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በገበያው የሚበዛ አንድ ነገር አለ፤ በቁና አይሰፈርም፥ በሚዛንም አይመዘንም። ይኸውም መሐላ ነው።

ቅቤ ሻጪቱ፥ «ማርያምን፥ የገዛሁበት እንኳ አይወጣልኝም» ትላለች። ገዢይቱም፥ «ሚካኤልን፥ ከዚህ በላይ ገንዘብ በእጄ የለም» ብላ ትመልስላታለች፤ የቀረው ገንዘብ ግን በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሯል። ፍየል ሻጩ፥ «አባቴ ይሙት፥ ይህች ፍየል ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች» ይላል፤ አባቱ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በመጨረሻ ቅቤውም ይሸጣል፥ ፍየሏም ትሸጣለች፤ ስለ ተማለው መሐላ ግን የሚያስብ ሰው የለም።

ሕፃናት ይህን ሁሉ ይሰማሉ። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት የጓደኛውን እርሳስ ወስዶ በተጠየቀ ጊዜ፥ «እናቴ ትሙት አልወሰድሁም» ይላል። እርሳሱ በከረጢቱ ውስጥ ነው። እናቱም በዚያች ሰዓት ለእርሱ ምሳ የሚሆን እንጀራ ትጋግራለች። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ታላላቆቹ ሲያደርጉ ያየውን አደረገ እንጂ።

መሐላ መያዣ ነው። ገንዘብ የሚበደር ሰው የሚታመን እንደ ሆነ ያለ መያዣ ይሰጡታል፤ የማይታመን እንደ ሆነ ግን በቅሎውን ወይም ጠመንጃውን አስይዝ ይሉታል። እንዲሁም የሚናገር ሰው ቃሉ ብቻውን ያልተቆጠረለት እንደ ሆነ በቃሉ ላይ ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ ይኸውም የእግዚአብሔር ስም ወይም የታቦት ስም፥ የአባት አጥንት፥ የእናት ሕይወት፥ የአንገት ማተብ ነው። ስለዚህ በየነገሩ የሚምል ሰው፥ ሳይጠየቅ፥ «ቃሌ ብቻውን አይታመንም» ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ደግሞም ያስያዘው መያዣ የራሱ አይደለም። የእናቱ ሕይወት የእናቱ ነው፤ ማን ሰጥቶት ያስይዘዋል? የጎረቤቱን በሬ ሰርቆ ያስያዘ ሰው በዳኛ ፊት ይቆማል፤ የእናቱን ሕይወት ያስያዘውን ግን የሚከሰው የለም።

ሆኖም መሐላ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። በቀድሞው ዘመን መሐላ ለአገር ሥራ ይሠራ ነበር። በየመንደሩ ፖሊስ አልነበረም፤ የሚጽፍና የሚያነብም ሰው ጥቂት ነበር። ሌባ ጠፍቶ ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ይህም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን እንዳይሸሽግ ይምላል። ነገሩ እስኪገለጥ ድረስ ወደ ቤት የሚመለስ የለም፤ እርሻ ቢኖርም እርሻው ይቆማል፥ ከብቱም ውኃ ይጠማዋል። በግልጥ ለመናገር የፈራ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይነግራቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ ነገረን» ይላሉ እንጂ የተናገረውን አያወጡትም።

ደግሞ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። የከሳሹና የተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና፥ ወታደር ሳይነዳቸው ዳኛው ካለበት ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። በኋላ ቋጠሮውን ፈትቶ መሮጥ የሚያቅተው ሰው አልነበረም። የያዛቸው ቃል ነበረ እንጂ ነጠላው አልነበረም። በንጉሥ ስም መማልም እንዲሁ ከባድ ነበር። «ምኒልክ ይሙት» የሚለው መሐላ በሸዋ ሰው ሁሉ አፍ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ዘመን «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተባለ። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ ወዲህ የንጉሥ ስም ከመሐላ ወጥቶ ቀርቷል።

ስለ ቃል ክብር አባቶች የተናገሩት ምሳሌ አለ፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ይህ እጅግ የመረረ ንግግር ነው፤ ልጅ የሚጠፋበት ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ምሳሌው የተነገረው በዚያ ዘመን ከቃል በቀር ሌላ ውል ላልነበረው ሕዝብ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ቃል ከጠፋ የእርሻ ድንበር ይጠፋል፥ ጋብቻ ይፈርሳል፥ የተበደረውም አይመለስም።

የድንበር ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ የሐሰት መሐላ የሚያመጣው ጥፋት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመሬት ነው። ባልዋ የሞተባት ሴት አለች እንበል። ጎረቤቷ የድንበሩን ድንጋይ በሌሊት አንድ እርምጃ አሳለፈው። ነገሩ ከዳኛ በደረሰ ጊዜ ምስክር ይጠራል። ምስክሩ ወንጌል ይዞ ማለና፥ «ድንጋዩ ከአባቶቻችን ጀምሮ በዚያው ነበር» አለ። ዳኛው በልብ ውስጥ ያለውን አያይም፤ የሚፈርደው በሰማው ነው። ሴቲቱ አንድ እርምጃ መሬት አጣች፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ እርምጃ ታጣለች፤ ልጆቿም ዕድሜያቸው ሳይደርስ የሰው ከብት ሊጠብቁ ይገባሉ። ምስክሩ ግን ያገኘው አንድ ማድጋ ጠላና የአንድ ቀን ወዳጅነት ብቻ ነው። ይህ ሰው በዚያ ቀን መዋሸት አልጀመረም። ሐሰት መማልን የተማረው በገበያ፥ በቅቤና በፍየል ነው፤ በትንሹ የለመደውን ምላስ ከዳኛ ፊት ይዞት ቀረበ። ዛሬም የአገሩ የወንጀል ሕግ በፍርድ ቤት በሐሰት የመሰከረን ይቀጣል፤ ነገር ግን ቅጣቱ ከሴቲቱ መሬት ኋላ ይደርሳል።

በነገሥታቱም ታሪክ የከባድ መሐላ ምሳሌ ይገኛል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ ጉልበት እያለው ከዘመቻው ለሚቀር ሰው አማላጅ እንዳይቀበሉ በማርያም ስም ማሉ። የማሉት እርሳቸው ራሳቸው ስለሚያደርጉት ነገር ነው፤ ለማድረግም ሥልጣን ነበራቸው። ስለዚህ ሰሚው ሁሉ አመነ። ሕዝቡ ከየአውራጃው ተነሥቶ ዘመተ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሆነ።

ሁለተኛው መሐላ ግን እንደዚህ አልሆነም። ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የልጃቸውን ልጅ፥ ልጅ ኢያሱን፥ በ1901 ዓ.ም. ወራሽ አደረጉ። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ እንዳይከዱት ማሉ፤ የከዳውም ሰው እንዲረገምና እንዲወገዝ ተነገረ። ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚህ በኋላ መኳንንቱ በልጅ ኢያሱ ሥራ አልተደሰቱም፤ ሃይማኖቱን ለውጧል ብለውም ከሰሱት። ክሱ ምን ያህል እውነት እንደ ነበረ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከሥልጣን ሊያወርዱት ተስማሙ። ነገር ግን በመካከላቸው አንድ እንቅፋት ነበረ፤ እርሱም የገዛ መሐላቸው ነው። ስለዚህ ወደ ጳጳሱ ወደ አቡነ ማቴዎስ ተመለከቱ። አቡኑ በመጀመሪያ አመነቱ፤ በኋላ ግን ከመሐላው ፈቷቸው። ዘውዲቱ ምኒልክ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሸዋ ምድር በሰገሌ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። የማሉት መኳንንት ነበሩ፤ መሐላውን ያስፈቱትም መኳንንት ነበሩ፤ በሰገሌ ሜዳ የወደቀው የባላገር ልጅ ግን ሲማልም ሲፈታም አልተጠየቀም።

በዚህ ታሪክ ማን በደለኛ እንደ ነበረ መፍረድ የልጆች ሥራ አይደለም፤ ለሽማግሌዎችም አስቸግሯል። አንድ ነገር ግን ይታያል። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የማሉት ስለ ራሳቸው ሥራ ነው። መኳንንቱ በ1901 ዓ.ም. የማሉት ግን ገና ሕፃን ስለ ነበረ ሰውና ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። ልጁ አድጎ ምን ዓይነት ገዢ እንደሚሆን ከመካከላቸው የሚያውቅ ማን ነበረ? እርግማኑን እጅግ ያከበዱት፥ ቃሉ ብቻውን እንደማይጸና ስላወቁ ይመስላል። ደካማ ግድግዳ ብዙ ድጋፍ ይፈልጋልና።

መሐላ ጨርሶ ቢቀር እውነት ይጠፋል ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ የእንግሊዝ አገር ታሪክ መልስ ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ተነሡ። በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፥ ሰው ከመሐላ ርቆ እውነቱን በአዎንና በአይደለም ይናገር ዘንድ የተሰጠውን ትምህርት ይዘው፥ በዳኛ ፊት እንኳ አንምልም አሉ። ዳኞቹም የሚሸሽጉት ነገር ቢኖራቸው ነው ብለው ብዙዎቹን አሰሩ፤ ንብረታቸውም ተወሰደ። እነርሱ ግን በገበያ ላይ ሌላ ነገር አደረጉ። ነጋዴ የሆኑት ለዕቃቸው አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ነበር፤ ከዚያ ከፍም ዝቅም አይሉም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሸሻቸው፤ ኋላ ግን ሕፃን ልጅ ቢልኩባቸው እንኳ እንደማያታልሉት ባየ ጊዜ ገዢው ወደ እነርሱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1696 የአገሩ ምክር ቤት በመሐላ ፈንታ ቃላቸውን ብቻ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣላቸው። በእርግጥ ሰባትና ስምንት ጊዜ ዋጋ መከራከር ለለመደ ገበያ የአንድ ዋጋ ነገር እንግዳ ነው፤ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነውና። ክርክሩ ግን ያለ ማርያምና ያለ ሚካኤል ስም ቢሆን የሚጎድልበት ነገር የለም።

በኢትዮጵያም የሹማምንት መሐላ በዘመናት ተለዋውጧል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በሚጭኑበት ቀን የሚምሉት በእግዚአብሔር ስም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በ70ኛው አንቀጽ፥ ርዕሰ ብሔር የሚሆን ሰው ሥራውን በሚጀምርበት ቀን የተሰጠውን ከፍተኛ ኃላፊነት በታማኝነት እንዲፈጽም ቃል እንዲገባ ያዝዛል። በዚህ ቃል ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ስለሌለ ቃሉ የቀለለ የሚመስላቸው ሰዎች ይኖራሉ። እንዲህ ማሰብ ስሕተት ነው። ቃሉ የሚገባበት ቀን ይታወቃል፥ ሥራውም ይታወቃል፥ ቃሉን የሚሰጠው ሰውም ራሱ ነው፤ ቢያጎድል ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይችላል። የከበደ ስም ጠርቶ ጉቦ ከሚቀበል ሹም ይልቅ፥ ስም ሳይጠራ ከጉቦ እጁን የሚሰበስብ ሹም ለአገር ይጠቅማል።

በቀድሞው ችሎት ከመሐላ ሌላ እሰጥ አገባ የሚባል ነገር ነበረ። ተሟጋቹ፥ «ነገሬ ሐሰት ቢሆን ፈረስ እሰጥ፥ በቅሎ እሰጥ» እያለ ይወራረድ ነበር። ይህም ከመሐላ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ያስያዘው የራሱን ነውና። በሩቅ አገር እንዲህ ያለ አንድ ውርርድ ተደርጎ ነበር፤ ፍሬውም እስከ ዓለም ከተማ ደርሷል።

ካርልሃይንዝ በም የሚባል የኦስትርያ ሰው ነበረ፤ ሥራውም በፊልም መጫወት ነበር፥ በአውሮፓም ስሙ የታወቀ ነው። በ1973 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጀርመን ቴሌቪዥን ሕዝብ በሚያየው የውርርድ ጨዋታ ላይ ቀረበ። በዚያ ጊዜ በአፍሪካ ድርቅ ነበረ። እርሱም፥ ከሚመለከቱት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ እንኳ ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ፤ ቢረታም ራሱ ወደ አፍሪካ ሄዶ ሊረዳ ቃል ገባ። ከዚህ በኋላ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺሕ ማርክ ያህል ተሰበሰበ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከሦስት አንድ ሰው ስላልሰጠ በውርርዱ የረታው እርሱ ነው። ስለዚህ ለመቅረት ምክንያት ነበረው፤ ቢቀርም ሐሰተኛ የሚለው ሰው አይገኝም ነበር። እርሱ ግን አልቀረም። በዚያው የአውሮፓ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፥ ስሙ «ሰዎች ለሰዎች» ማለት የሆነውንም ማኅበር አቆመ፤ ሥራውንም በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ማኅበሩ ወደ መርሐ ቤቴ መጣ። በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው የጀማን ገደል ሲያወርዷትና ሲያወጧት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ሆስፒታል በቅርብ መኖሩ ምን እንደ ሆነም እርሱው ያውቃል። በም በግንቦት ወር 2006 ዓ.ም. ሞተ። በቴሌቪዥን የተናገረው ቃል እስከዚያ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በዚያች ሌሊት በማንም ስም አልማለም፤ እናቱንም አባቱንም አላስያዘም።

በየቀኑ ሰው ለራሱ የሚገባው ቃልም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጠላ የሚያበዛ ሰው፥ «ከእንግዲህ ብቀምስ ታቦቱ ይፍረድብኝ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል። በሳምንቱ ማኅበር ይጠራል፤ ጽዋው ሲዞር ይቀምሳል። በዚያን ጊዜ የጠፋበት ጠላ ያለመጠጣት ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ታቦቱን ስለ ፈራ ነገሩን ይሸሽጋል፥ ስለ ሸሸገም ይዋሻል፥ ኋላም «አንዴ አፍርሼዋለሁ» ብሎ እንደ ቀድሞው ይጠጣል። ይህ ሰው ለዕድሜ ልኩ ከሚምል ይልቅ፥ «ዛሬ በማኅበር አልጠጣም» ቢልና ለሚስቱ ቢነግራት ይሻለው ነበር። ቢያጎድል እንኳ ነገ ሌላ ቀን ነው፤ የሚፈርስበትም የአንድ ቀን ነገር ነው።

ተማሪም እንዲሁ ነው። ፈተና የወደቀ ልጅ እያለቀሰ፥ «እናቴ ትሙት፥ ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም» ብሎ ይምላል። እስከ ሐሙስ ይጸናል፤ ዓርብ ኳስ ይመጣል። እናቱም፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ አትሞትም።

ሌላው ልጅ ምንም አልማለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለታላቅ እህቱ፥ «እታለም፥ ጥጆቹ ሳይገቡ ሁለት ገጽ አነባለሁ» አላት። እርስዋም፥ «እስቲ እናያለን» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ያልገባውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገመው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለተኛውን ገጽ ጨረሰ። ሦስተኛውን አልጀመረም። መጽሐፉን ዘግቶ ለእህቱ ሰጣትና ጥጆቹን ሊያገባ ሄደ።